ይግባኝ የማይሽረው ዕዳ

እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2012 በአሜሪካዋ የፔንሲልቫኒያ ግዛት ሁለት ጁሪዎች (ከዜጎች የተመረጡ የፍርድ ጉባኤዎች) በአንድ ቀን ውሳኔያቸውን አሰሙ። አንደኛው ቤልፎንት በምትባል ትንሽ ከተማ የተሰየመው ነው። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ምክትል አሠልጣኝ የነበረውን ጄሪ ሳንደስኪን ወንዶች ልጆችን በማስነወር በ45 ክሶች ጥፋተኛ አለው። የዚያን ምሽት የቴሌቪዥን ካሜራ ሁሉ ያፈጠጠው እዚያ ላይ ነበር። ሁለተኛው ውሳኔ በዚያው ዕለት ቀደም ብሎ ፊላዴልፊያ ላይ ተሰማ። ተከሳሹ የ61 ዓመቱ የካቶሊክ ካህን ሞንሲኞር ዊሊያም ሊን ነበሩ።

ሊን በእጃቸው ሕፃን ነክተዋል ያለ ማንም የለም፤ ዐቃቤ ሕግም አላለም። የተፈረደባቸው የሌላ ካህን ነውር በጽሑፍ ደርሷቸው ሳለ ያ ካህን ትምህርት ቤት ባለው ደብር ግቢ ውስጥ እንዲኖር መንገድ በማመቻቸታቸው ነው። የክሱ ስም የሕፃናትን ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል ነበር። በሥራቸው ያሉ ካህናትን በያዙበት መንገድ ምክንያት በወንጀል ጥፋተኛ የተባሉ የመጀመሪያው የአሜሪካ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ኃላፊ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥር ዓመታት የይግባኝ ዓመታት ናቸው። ፍርዱ ተሽሯል፣ ጸንቷል፣ እንደገና ተሽሯል። ሰውየው ታስረዋል፣ በዋስ ወጥተዋል፣ ተመልሰው ገብተዋል፣ ደግሞም ወጥተዋል። በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ዳኞቹ ስለ ሕግ አንቀጽ ቢከራከሩም ከሥሩ የነበረው ጥያቄ ከሕጉ መጽሐፍ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ሰው በእጁ ባልሠራው በደል እስከ የት ድረስ ይጠየቃል? ፍርድ ቤት «ሕጉ አይደርስብህም» ብሎ ቢያሰናብተውስ ከምን ነጻ ወጣ?

ጉዳዩን ከሥራ መደባቸው መጀመር ይሻላል። ሊን ከ1992 እስከ 2004 የፊላዴልፊያ ሊቀ ጵጵስና የካህናት ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ። በካህን ላይ አቤቱታ ሲቀርብ የሚቀበሉት፣ ከሳሹን የሚያነጋግሩት፣ ካህኑን ጠርተው የሚጠይቁት፣ ከዚያም የት ይመደብ የሚለውን ሐሳብ ለሀገረ ስብከቱ መሪ ለካርዲናሉ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። በ1992 አንድ የሕክምና ተማሪ ኤድዋርድ አቬሪ የተባለ ካህን በልጅነቱ እንዳስነወረው ጻፈ። አቬሪ የሀገረ ስብከቱ ንብረት ወደሆነ ሆስፒታል ተላከ፤ ሲወጣ ከወጣቶች እንዲርቅና ክትትል እንዲደረግበት ተመከረ። ለምእመናኑ የተነገራቸው ግን ካህኑ በጤና ምክንያት ደብሩን መልቀቁ ነበር። ቀጥሎም በሰሜን ምሥራቅ ፊላዴልፊያ በሚገኘው በቅዱስ ጄሮም ደብር የካህናት መኖሪያ ውስጥ ተቀመጠ። እዚያ ቅዳሴ ይቀድሳል፤ ከመኖሪያው አጠገብ የደብሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው በ1999 ገደማ አንድ የ10 ዓመት የመቅደስ አገልጋይ ልጅ በዚያ ደብር በአቬሪ ተደፈረ። አቬሪ ችሎቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት እስር ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ችሎት ላይ ለምስክርነት ሲቆም ግን ልጁን እንዳልነካና ያመነውም ከረዥም እስር ለማምለጥ እንደሆነ ተናገረ። የልጁ ምስክርነትም ከዚያ ወዲህ ብርቱ ክርክር ተነሥቶበታል። ይህን መሰወር አይገባም፤ በሌላ ሰው ጥፋት የሚጠየቅ ሰው ያ ጥፋት በትክክል መፈጸሙን የመጠየቅ መብት አለው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ማስረጃ ግን ከልጁ ምስክርነት ጋር የሚነሣና የሚወድቅ አልነበረም። ሊን ሥራውን በያዙ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1994 መጀመሪያ፣ የሀገረ ስብከቱን የተቆለፈ የምስጢር መዝገብ አገላብጠው የ35 ካህናት ስም ዝርዝር አዘጋጁ። ዝርዝሩ በክፍል በክፍሉ የተለየ ነበር፤ አቬሪ ጥፋታቸው በተረጋገጠው መካከል ተጽፏል። ካርዲናል አንቶኒ ቤቪላኳ ዝርዝሩ እንዲጠፋ አዘዙ። የበታች ኃላፊያቸው ሞንሲኞር ጄምስ ሞሎይ ግን ቅጂውን ትእዛዙ መፈጸሙን ከሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ጋር በካዝና ውስጥ አስቀመጡ። ሞሎይ በ2006 አረፉ። ካርዲናሉ በጃንዋሪ 2012፣ ችሎቱ ሊጀመር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው በ88 ዓመታቸው ሞቱ። ሰነዱ በዐቃቤ ሕግ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ወረቀት ለሁለቱም ወገን ምስክር ነው። ተከላካዮቹ «እዩ፣ ሊን አደጋውን ለማሳወቅ ሞክረዋል፤ ያጠፋው አለቃው ነው» አሉ። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ «እዩ፣ ሊን ያውቁ ነበር፤ ካወቁ በኋላም አቬሪ በዚያው ደብር ለዓመታት ኖረ» አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሊንን ጉዳይ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ብሎ መዝጋት አይቻልም። ችሎት ፊት ቆመው ሲናገሩ ካህናትን የመመደብና የማንሣት ሥልጣን የካርዲናሉ ብቻ እንደነበረ፣ እሳቸውም በተሰጣቸው ወሰን ውስጥ የሚችሉትን እንዳደረጉ ገልጸዋል። ዳኛዋ ቴሬሳ ሳርሚና ግን በጁላይ 24 ቀን 2012 ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት እስር ሲፈርዱባቸው ትክክለኛው መንገድ የትኛው እንደሆነ ጠንቅቀው እያወቁ ሌላውን መርጠዋል አሏቸው።

ጁሪው ከቀረቡት ሦስት ክሶች በሁለቱ ነጻ ብሏቸው ነበር። አድመዋል በሚለው ነጻ ናቸው፤ ሌላ ካህንን በሚመለከተውም ነጻ ናቸው። ከ12 ቀናት በላይ ተመካክሮ ጥፋተኛ ያላቸው በአንዱ ብቻ፣ በአቬሪ ጉዳይ ነው።

ይግባኙ የተነሣው ከዚህ ነጥብ ነው። የፔንሲልቫኒያ የወንጀል ሕግ በቀድሞ አጻጻፉ የሚጠይቀው ወላጅን፣ አሳዳጊን ወይም የልጅን ደኅንነት በኃላፊነት የሚጠብቅ ሌላ ሰውን ነበር። ሊን ልጁን አይተውት አያውቁም። ይቆጣጠሩ የነበረው ካህኑን ነው። ሕጉ ተሻሽሎ እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀጥርና የሚቆጣጠር አለቃንም በስም የጨመረው በ2007 ነው፤ ሊን ከቢሮው ከወጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ አለ። በ2005 የሀገረ ስብከቱን መዝገብ የመረመረው የፊላዴልፊያ ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ ማስረጃ የሚመረምር የዜጎች ጉባኤ) የኃላፊዎቹን ዝምታ በብርቱ ቃል ቢያወግዝም ማንንም አልከሰሰም። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕጉ በዚያን ጊዜ አጻጻፉ አለቆችን አይደርስባቸውም የሚል ነበር፤ ስለዚህም ሕግ አውጪው እንዲያሻሽለው መከረ። ሕጉ ተሻሻለ። ከመጀመሪያው ምርመራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ግራንድ ጁሪ በሊን ላይ ክስ እንዲመሠረት ሲያደርግ ግን የተጠቀሰው ያልተሻሻለው የቀድሞው ሕግ ነው።

በዲሴምበር 26 ቀን 2013 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሻሩ። የቀድሞው ሕግ ልጅን በቀጥታ የሚጠብቅ ሰውን እንጂ የጠባቂ አለቃን አይመለከትም አሉ። ሊን በዋስ ወጡ፤ ዋሱን የከፈለው ሀገረ ስብከቱ ነበርና የተጎጂዎች ተሟጋቾች አጥብቀው አወገዙት። ልጆቹ የተበደሉባቸው ቤተሰቦች የዚያን ቀን ዜና በምን ልብ እንደሰሙት መገመት ያማል። የ35 ሰው ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው «ሕጉ ስሜን አይጠራም» ብሎ ሲወጣ ማየት ለተበዳይ ሁለተኛ በደል ሊመስል ይችላል።

ሆኖም ይህን ይግባኝ ማውገዝ ስሕተት ነው። ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም ባልነበረ ሕግ አይቀጣም የሚለው መርሕ የጠበቆች ብልጠት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 22 አስፍሮታል። ይህ መርሕ በሌለበት አገር ትናንት የተፈቀደውን ዛሬ ከልክሎ ትናንት ያደረገውን ሰው ማሰር ይቻላል፤ ይህ ደግሞ የየትኛውም አምባገነን የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። በሃይማኖት በኩልም ቢሆን ይግባኝ የንስሐ ተቃራኒ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቂሣርያ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ይግባኝ ወደ ቄሣር ብሏል። በዚያው ንግግሩ ሞት የሚገባው በደል ሠርቶ ከሆነ ከሞት እንደማይሸሽም ተናግሯል። መብቱን ሲጠይቅና ለፍርድ ሲገዛ አንዱ ሌላውን አላጠፋበትም። ስለዚህ አማኝ ሰው ይግባኝ ማለቱ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ይግባኙ ላልቀረበለት ጥያቄ መልስ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ይህ አንቀጽ ይህን ሰው ይይዘዋል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ያ ልጅ ከዚህ ሰው ጥበቃ ይገባው ነበር ወይ የሚለውን ማንም ዳኛ በይግባኝ አልሻረውም፤ ሊሽረውም አይችልም።

በኤፕሪል 2015 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ገለበጠው። በዳኛ ማክስ ቤር የተጻፈው የአብላጫው ውሳኔ መከራከሪያውን ከሥሩ ለወጠ። ሕጉ የሚለው ልጁን የሚጠብቅ ሳይሆን የልጁን ደኅንነት የሚጠብቅ ነው፤ የልጁን ደኅንነት ደግሞ ልጁን በዓይኑ ሳያይም የሚጠብቅ ሰው አለ አሉ። ካህናት በልጆች ላይ በደል እንዳያደርሱ መከላከል የሊን የዕለት ሥራ ነበር፤ ሥራው ያ ከነበረ ቢሮውና መቅደሱ መራራቃቸው ኃላፊነቱን አያስቀርም። ሊን ወደ እስር ቤት ተመለሱ።

የሃይማኖት ሰው ይህን ውሳኔ ሲያነብ ሕዝቅኤልን ማሰቡ አይቀርም። በነቢዩ መጽሐፍ ምዕራፍ 33 ላይ ስለ ጉበኛ የተነገረው ይኸው ነው። ጉበኛው ከፍ ባለ ስፍራ የተቀመጠው ሊያይ ነው። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከቱን ባይነፋና ሰው ቢሞት፣ ገዳዩ ጠላት ሆኖ ሳለ ደሙ ከጉበኛውም እጅ ይፈለጋል። ጉበኛው ሰይፍ አልመዘዘም። ዕዳው የተጻፈበት በማየቱ ነው።

ነገር ግን ያው ነቢይ፣ በዚያው መጽሐፍ፣ በምዕራፍ 18 ሌላ ነገርም አለ። አባቶች በበሉት ጎምዛዛ የወይን ፍሬ የልጆች ጥርስ አይጠርስም፤ እያንዳንዱ በገዛ ኃጢአቱ ይጠየቃል፣ ማንም የሌላውን አይሸከምም አለ። ሁለቱ ምዕራፎች እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስላቸው አሉ። የሊን መዝገብ ግን ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ያሳያል፤ ሁለተኛው ይግባኝ ያሸነፈው በምዕራፍ 18 መንፈስ ነውና።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዐቃቤ ሕግ የአቬሪን ጉዳይ ለማስረዳት ብሎ ከሃያ የሚበልጡ ሌሎች ካህናትን ታሪክ ለጁሪው አቀረበ። የችሎቱ አብዛኛው ጊዜ ያለቀው በዚህ ነው። ከታሪኮቹ አንዳንዶቹ ወደ 1940ዎቹ ይመለሳሉ፤ ሊን የተወለዱት በ1951 ነው። ጁሪው ሳምንታት ሙሉ ከአንድ ተቋም የተከማቸ በደል ሲሰማ ከረመ። በዲሴምበር 2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ ሁሉ ማስረጃ በተከሳሹ ላይ ያሳደረው ጥላ ለእውነት ከሰጠው ጥቅም ይበልጣል ብሎ ፍርዱን ለሁለተኛ ጊዜ ሻረና አዲስ ችሎት አዘዘ። ሊን ከሦስት ዓመቱ ዝቅተኛ ቅጣት 33 ወራቱን ያህል ታስረው በኦገስት 2016 ወጡ።

አንድ ሰው በአንድ ቤተ ክርስቲያን የግማሽ ምዕተ ዓመት ኃጢአት ሲጠየቅ ለሕዝቡ ዕረፍት የሚሰጥ ይመስላል። በኦሪት ሥርዓት የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚሰደድ ፍየል ነበር። ፍርድ ቤት ግን ያን ሥርዓት መፈጸም አይችልም፤ አይገባምም። ካርዲናሉ ሞተዋል፣ የዝርዝሩን ቅጂ በካዝና ያስቀመጡት ሞንሲኞር ሞተዋል፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ሞተዋል። ከኃላፊዎቹ በችሎት ፊት የቆሙት መካከለኛው ሰው ብቻ ነበሩ። የሁሉም ቁጣ እሳቸው ላይ ማረፉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ይግባኙ ይህን በማረሙ ሊመሰገን ይገባል። የሊን የገዛ ዕዳ ከሌሎቹ ዕዳ ተለይቶ ሲታይ ግን አነሰ እንጂ አልጠፋም።

የገዛ ዕዳቸው የቱ ነው? መጽሐፈ ሳሙኤል ካህኑን ዔሊን ያቀርብልናል። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ነውር ይሠሩ ነበር። ዔሊ አብሯቸው አልበደለም። ከቶም ዝም አላለም፤ ጠርቶ ገሥጿቸዋል። እግዚአብሔር በዔሊ ቤት ላይ የፈረደው ግን ልጆቹ የሚያደርጉትን እያወቀ አልከለከላቸውም ብሎ ነው። ዔሊ በሴሎ የነበራቸውን አገልግሎት አልወሰደባቸውም፤ ቃል ብቻ ሰጣቸው። ሊንም ቃል ሰጥተዋል። ማስታወሻ ጽፈዋል፣ ዝርዝር አዘጋጅተዋል፣ ሆስፒታል ልከዋል፣ ክትትል ይደረግ ብለዋል። ከወረቀት አልፎ የሄደ አንድ እርምጃ ግን ጎደለ፤ ለቅዱስ ጄሮም ወላጆች ማን አጠገባቸው እንደሚኖር አልተነገራቸውም። ይህን ለማድረግ የካርዲናል ሥልጣን አያስፈልግም ነበር። ስልክ ማንሣት ይበቃ ነበር።

መታዘዝ እዚህ ላይ ይነሣል። ሊን በሹመታቸው ቀን ለሊቀ ጳጳሳቸው እንዲታዘዙ ቃል የገቡ ካህን ናቸው፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት መታዘዝ የክህነት ምሰሶ ነው። ነገር ግን መታዘዝ የሚያስመሰግነው ሰው የገዛ ፈቃዱን ሲተው ነው። የሌላውን ልጅ ደኅንነት አሳልፎ ሲሰጥ የተወው የራሱን አይደለም። ማንም ካህን የራሱን ክብር፣ የራሱን ዕረፍት፣ የራሱን ሹመት ለመታዘዝ ሊሠዋ ይችላል። የ10 ዓመት ልጅን ሥጋ ለመሠዋት ግን ሥልጣን አልተሰጠውም። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝም ያን ሥልጣን አይፈጥርለትም።

ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ሌላ ፈተና አለ፤ ገመና መሸፈን። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም ሆነ ሙስሊሞች ዘንድ የወንድምን ነውር አደባባይ አለማውጣት እንደ ትልቅ በጎነት ይቆጠራል። የሴምና የያፌት ታሪክ ይጠቀሳል፤ አባታቸው ኖኅ ሰክሮ ዕራቁቱን ሲተኛ ፊታቸውን መልሰው ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት። ታሪኩ ውብ ነው፣ ልማዱም ብዙ ቤት ከመፍረስ አድኗል። ይሁንና ኖኅ በስካሩ የጎዳው ራሱን ብቻ ነበር፤ ገላው ሲሸፈንለት አደጋ ላይ የወደቀ ሌላ ሰው አልነበረም። በልጅ ላይ የሚደርስ ነውር እንዲህ አይደለም። ያ የአጥፊው ገመና ሳይሆን የልጁ ቁስል ነው፤ ሸፋኙም የሚሸፍነው ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ገና የሚመጣውን ነው። የፊላዴልፊያ ኃላፊዎች ለአቬሪ «በጤና ምክንያት» የሚል ልብስ ሲደርቡለት የሴምን ሥራ የሠሩ መስሏቸው ይሆናል። ከልብሱ በታች የነበሩት ግን በየሳምንቱ ወደ መቅደስ የሚመጡ ልጆች ናቸው።

የኑዛዜ ምስጢርም በዚህ ነገር ውስጥ እየተነሣ ብዙ ሰው ያደናግራል። ካህን በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም፤ የፔንሲልቫኒያ ሕግም ያን ምስጢር ይጠብቃል። ሊን ያወቁት ግን ከኑዛዜ አይደለም። በደብዳቤ ከደረሰ አቤቱታ፣ በቢሮ ከተደረገ ቃለ መጠይቅ፣ ከሆስፒታል ከመጣ ሪፖርት፣ ከተቆለፈ መሳቢያ ከወጣ ፋይል ነው። በጽሕፈት ቤት የታወቀን ነገር በንስሐ ክብር መጋረድ ለንስሐም ክብር አይሰጥም።

ጉዳዩ የካህናት ብቻ እንዳይመስል ደግሞ በሌላው ችሎት የተከተለውን ማየት ይጠቅማል። ሳንደስኪ ከተፈረደበት በኋላ የፔን ስቴት ፕሬዚዳንት የነበሩት ግራሃም ስፓኒየርም በዚሁ አንቀጽ ተከሰሱ። በ2001 ሳንደስኪ በዩኒቨርሲቲው መታጠቢያ ቤት ከአንድ ልጅ ጋር መታየቱ ተነግሯቸው ለመንግሥት አላሳወቁም ተባለ። በማርች 2017 በአንድ ቀላል ወንጀል ጥፋተኛ ሆኑ። ይግባኛቸው ከሊን ጋር መንትያ ነው፤ በ2001 ለተደረገ ነገር በ2007ቱ ሕግ ቃል ተፈረደብኝ አሉ። አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2019፣ ወደ እስር ቤት ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ፍርዱን ሻሩት። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ በዲሴምበር 2020 መለሰው፤ የሊን ውሳኔ የቀድሞው ሕግ አለቆችንም ሊደርስ እንደሚችል ስላሳየ ፍርዱ ድንገተኛ ወይም ያልታሰበ አይደለም በሚል። ስፓኒየር በ2021 ሁለት ወር ያህል ታሰሩ። ቀሚስ የለበሰውና ክራባት ያሰረው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ዩኒቨርሲቲው፣ በአንድ መንገድ ወድቀዋል። የተቋሙ ስም እንዳይጎድፍ ሲጠነቀቁ ልጁን የሚያይ ጠፋ።

የሊን አዲስ ችሎት ዓመት እየቆጠረ ተራዘመ። ዐቃቤ ሕግም የሚያቀርበው ማስረጃ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ በዲሴምበር 2022 ሊን ከግራንድ ጁሪ ፊት ሰነድ ባለማቅረብ በተመሠረተባቸው አንድ ቀላል ክስ ላይ እንደማይከራከሩ አስታወቁ፤ ተጨማሪ እስር ሳይፈረድባቸው መዝገቡ ተዘጋ። ሕፃናትን አደጋ ላይ መጣል የሚለው ክስ በስማቸው ላይ አልቀረም። ሕግ የሚችለው እስከዚህ ነበር፤ ባይረካበትም ቅሬታው የሚቀርበው ለሕጉ አይደለም። የተቋረጠው ሥራ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ላለው በደል ከእስር የተለየ መንገድ ነበራት። በደለኛው ከማኅበሩ ፊት ቆሞ የሠራውን ያምናል፣ ከተበዳዩ ይታረቃል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ከሹመቱ ይነሣል። የኢትዮጵያ አበው በንስሐ ቀኖና ውስጥ የተበዳይን እንባ ማበስ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ዳኛ ይህን ሊያዝ አይችልም። ይግባኝም ሊሰርዘው አይችልም፤ አልተፈረደምና።

ይህ በፊላዴልፊያ፣ በፒትስበርግና በሌሎች የግዛቱ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በፔንሲልቫኒያ ሕግ ካህናትም፣ ከልጆች ጋር የሚሠሩ ብዙ አገልጋዮችም በልጅ ላይ የሚደርስ በደልን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ የአማርኛ ቅዳሴ የሚቀድሰው ቄስ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረው እኅት፣ የልጆች መዝሙር የሚያስጠናው ዲያቆን ጭምር ራሳቸውን በዚህ ሕግ ፊት ማየት አለባቸው። ከሳንደስኪ ጉዳይ በኋላ፣ በ2014 ማብቂያ ላይ በጸናው ማሻሻያ፣ የማሳወቂያው ቅደም ተከተል ተለውጧል። ቀድሞ በተቋም ውስጥ ያለ ሠራተኛ ለአለቃው ይነግራል፤ ለመንግሥት ማሳወቅ የአለቃው ድርሻ ይሆናል። አሁን በደል የጠረጠረ ሰው በመጀመሪያ ራሱ ወዲያውኑ ለግዛቱ የሕፃናት ጥበቃ መሥመር ይደውላል፤ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለሰበካ ጉባኤው የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አስተዳዳሪው «ቆይ፣ እኛው በአባቶች እንፍታው» ቢል እንኳ ጥሪው አስቀድሞ ተደርጓል።